የሦስት ሰዓት ልዩነት

ትናንት ማታ ከታናሽ እህቴ ጋር በአንድ የግድያ ክስ ላይ ስንከራከር አመሸን። ክሱ ያለው በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ጨዋታው ካፕኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ያወጣው «ኤስ አቶርኒ» ሲሆን፣ ተጫዋቹ ጀማሪ ጠበቃ ሆኖ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ ጓደኛውን ነፃ ለማውጣት ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጣል።

ምስክሩ አስከሬኑን ያየሁት በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1፡00 ላይ ነው ይላል፤ የአስከሬን ምርመራው ግን ሟች የሞተችው ከ4፡00 እስከ 5፡00 ባለው ጊዜ መሆኑን ያስረዳል። እህቴ «ዋሽቷል፣ አለቀ» አለች። እኔን የከነከነኝ ግን ሰውየው ስለ ሰዓቱ ያን ያህል እርግጠኛ መሆኑ ነበር።

የተገደለችበት ትንሽ ሐውልት ለካ በድምፅ የሚናገር የጠረጴዛ ሰዓት ኖሯል። ችሎቱ ውስጥ ሲነኩት፣ ትክክለኛው ሰዓት 11፡25 ሆኖ ሳለ፣ 8፡25 ነው አለ። ፓስፖርቷን ገልጠን ስናይ ከፓሪስ የተመለሰችው በዋዜማው ነው፤ ሰዓቱን ገና አላስተካከለችውም። ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ የመሰለው ሰዓት ለካ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀድም ኖሯል፤ በአገሯ ከቀኑ 4፡00 ሲሆን ፓሪስ ላይ ከሌሊቱ 1፡00 ነው። ምስክሩ 1፡00 የሚለውን የሰማው እሷን በመታበት ቅጽበት፣ ከዚያው ከገደለበት የጠረጴዛ ሰዓት ነበር።

ሌላው ሁሉ ሐሰት ሆኖ፣ ያጋለጠው በእውነት ያስታወሳት ያቺ አንዲት ቁጥር መሆኗ ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እህቴ ደግሞ ቀጠሮ በያዘች ቁጥር «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ስለሆነች፣ ያንኑ ጥያቄ ለምስክሩ አለማቅረቧ እስክትተኛ ድረስ ሲያስቆጫት አመሸ።