ክንፍ ለብሶ የዘለለ ሰው በረረ ወይስ ወደቀ?

ዊንግሱት የሚባለውን ልብስ ለብሶ ከአውሮፕላን የዘለለ ሰው በረረ ነው የሚባለው ወይስ ወደቀ? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ግን ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ከአክስቴ ልጅ ጋር የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። እሱ የኮምቦልቻን መስመር በሚኒባስ ሲመላለስ የሚውል ሰው ነው፤ ነገር ካነሳ ሳይረታ አይለቅም። «ክንፍ አለው፣ ወደፊት ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይታጠፋል። መብረር ከዚህ በላይ ምንድነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ያማረበት አወዳደቅ ነው ባይ ነኝ። አቋሜን አልቀየርኩም። ምክንያቴን ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ልዘርዝረው።

መጀመሪያ ልብሱን እንየው። ዊንግሱት ከክንድ እስከ ዳሌ፣ እንዲሁም በሁለቱ እግሮች መሀል ጨርቅ የተወጠረበት ቱታ ነው። ጨርቁ ድርብ ነው፤ ከፊት በኩል አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አሉት። ሰውየው ሲዘል ንፋሱ በእነሱ ይገባና ክንፉን ነፍቶ ጠንከር ያደርገዋል። ጀርባው ላይ እንደማንኛውም ዘላይ ፓራሹት አዝሏል። ተራው ስካይዳይቨር፣ ማለትም ያለ ክንፍ በፓራሹት ብቻ የሚዘለው፣ በሆዱ ተዘርግቶ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ4,000 ሜትር ቢዘል አንድ ደቂቃ ያህል ይወርድና ፓራሹቱን ይከፍታል። ዊንግሱት የለበሰው ግን የመውረድ ፍጥነቱን ከግማሽ በታች ማድረግ ይችላል። አንዷ ደቂቃ ሁለትም ሦስትም ትሆንለታለች። በሌላ አነጋገር ቁመቱን ወደ ርቀት ይመነዝራል።

ምንዛሪው ስንት ነው? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደሴንና ኮምቦልቻን እንውሰድ። የከፍታ ልዩነታቸው 600 ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ሐረጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ አሞራ በሚሄድበት በቀጥታው ግን ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው። በመሀል ያሉትን ጋራዎች ለጊዜው እርሷቸው፣ ንፋስም የለም እንበል። ዊንግሱት 1 ሜትር ሲወርድ ሁለት ተኩል፣ ባለቤቱ ጎበዝ ከሆነ 3 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ 600 ሜትሩን ሲጨርስ ገና 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ፓራግላይደር፣ ማለትም ሰው ከተራራ ላይ እየሮጠ የሚነሳበት ያ የጨርቅ ክንፍ፣ ምንዛሪው 9 አካባቢ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ባለ አሉሚኒየም ዘንጉ ሃንግ ግላይደር 15 አካባቢ ነውና 9 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ግላይደር የሚባለው፣ 40 እና ከዚያም በላይ ነው። እሱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ገና ግማሽ ያህሉ ቁመት በእጁ ነው።

ይህንን በናፕኪን ላይ ጽፌ ለአክስቴ ልጅ ሳሳየው አንገቱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ታዲያ 3 ወድቋል፣ 9 ግን በሯል ብሎ የቆረጠው ማነው?»

ልክ ነው፤ ቁጥር ብቻውን መስመር አያሰምርም። 3ም ሆነ 40፣ ሁሉም ወደታች ነው የሚሄዱት፣ ልዩነቱ መፍጠንና መዘግየት ብቻ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። በበጋ ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ በሐረጎ ስትወርዱ ቀና ብላችሁ እዩ። ጆፌ አሞራዎቹ ጠዋት ገደሉ ላይ ተኮራምተው የነበሩት ያን ሰዓት ነው የሚነሱት። ክንፋቸውን አያርገበግቡም። ዘርግተው እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ምክንያቱም ፀሐይ ያሞቀችው ገደል አየሩን ወደ ላይ እየላከው ነው። ይህ ሞቃት አየር በሰከንድ 2፣ 3፣ ሲበረታም 5 ሜትር ይወጣል። ፓራግላይደር በራሱ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። ስለዚህ አየሩ ከሚወርድበት በላይ ያነሳዋል፣ እሱም ከአሞራዎቹ ጋር አብሮ እየዞረ ይወጣል፣ ከተነሳበትም በላይ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ያኔ ቅርብ ናት። ዊንግሱት የለበሰው ግን በሰከንድ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው የሚወርደው። ያው አየር ቢያገኘው ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያነሳውም። እርግጥ ፍጥነቱን አጥፍቶ ለአፍታ ሽቅብ ሊል ይችላል። ለአፍታ ብቻ።

ይህ አንዱ ነው። እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ ማረፍ።

ቄራ አካባቢ አሞራ ሲያርፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ምዝግዝግ ብሎ ይመጣና መሬት ሊነካ ሲል እግሩን ያወርዳል፣ ደረቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ክንፉን ሰፋ አድርጎ ንፋሱን በደረቱ ይቀበለዋል። ፍጥነቱ አየር ላይ ያልቃል። ከዚያ ሁለት ሦስቴ ዘለል ዘለል ብሎ ይቆማል። ፓራግላይደር የሚያበር ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መሬት ሲቀርብ ሁለቱን ገመዶች እኩል ይስብና ክንፉን ያቆመዋል፣ በእግሩ ይራመዳል። ዊንግሱት እንዲህ ማድረግ አይችልም። ክንፉ ትንሽ ስለሆነ ሰውን ተሸክሞ የሚቆየው በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ያ ፍጥነት ደግሞ ሰው በእግሩ ሊሮጠው ከሚችለው ጋር አይቀራረብም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክንፉን ሰብስቦ እጁን ወደ ኋላ ይልካል፣ ትንሿን ፓራሹት ጎትቶ ይጥላል፣ እሷ ትልቁን ታወጣለታለች።

የዚህ ጨዋታ ሟቾች ታሪክም ወደዚሁ ነው የሚያመለክተው። ክሌም ሶን የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በእጁና በእግሩ መሀል ሸራ ሰፍቶ በየአየር ትርኢቱ ይዘል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ፈረንሳይ ቫንሴን ላይ ክንፉ አላስቸገረውም፣ ፓራሹቱ ነው አልከፈት ያለው። ፈረንሳዊው ሊዮ ቫለንታን በ1956 ሊቨርፑል ላይ ከእንጨት የተሠራ ክንፍ ይዞ ሲዘል ክንፉ ከአውሮፕላኑ ሲወጣ ተጎዳ፣ ቀጥሎ ፓራሹቱ ተጠላለፈበት። የዛሬውን ዊንግሱት መልክ ያስያዘው ፓትሪክ ደ ጋያርዶንም በ1998 ሃዋይ ላይ የሞተው ከፓራሹቱ ጋር በተያያዘ ችግር ነው፤ መያዣው ላይ ማሻሻያ ሲያደርግ በተፈጠረ ስህተት። ከዚያ በኋላ አንድ ፊንላንዳዊና አንድ ክሮኤሺያዊ ልብሱን ለገበያ አወጡት፣ ዛሬ ብዙ ሰው ይለብሰዋል። በአሜሪካው የስካይዳይቪንግ ማኅበር ደንብ ግን ዊንግሱት ለመልበስ መጀመሪያ 200 ጊዜ በተራው መንገድ መዝለል አለብህ። ይህ ደንብ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ መጀመሪያ ፓራሹትህን እወቅ ነው የሚልህ።

እዚህ ጋ የአክስቴ ልጅ አንድ ነጥብ ቢያነሳ ኖሮ ይረታኝ ነበር፤ አላነሳውም እንጂ። የዛሬው የስካይዳይቨር ፓራሹት ራሱ ክንፍ ነው። አየር ወለድ ሲባል ትዝ የሚለን ያ ክብ ጃንጥላ የመሰለው አይደለም። አራት ማዕዘን ነው፣ በአፉ አየር እየዋጠ ይነፋል፣ ወደፊት ይሄዳል። ሐሳቡን በ1960ዎቹ ያመጣው ዶሚና ጃልበርት ነው። በ1978 ደግሞ የተወሰኑ ፈረንሳውያን ዘላዮች ሚየሲ በምትባል መንደር ይህንኑ ፓራሹት ዘርግተው ከተራራ ቁልቁለት ላይ እየሮጡ ተነሱበት። ፓራግላይዲንግ በዚያ መንገድ ተስፋፋ። ወላጁ ስካይዳይቪንግ ነው ማለት ነው! እንዲያውም ዊንግሱት የለበሰው ሰው በደንብ መንሳፈፍ የሚጀምረው የለበሰውን ክንፍ ሰብስቦ ፓራሹቱን ሲከፍት ነው። አስቂኝ ነገር ነው።

ድንበሩን የሚያደበዝዙ ሌሎችም አሉ። ፊሊክስ ባውምጋርትነር በ2003 የካርቦን ክንፍ ጀርባው ላይ አስሮ፣ ከ9,000 ሜትር በላይ ዘሎ፣ ያለ ሞተር የእንግሊዝን የባሕር ወሽመጥ ተሻገረ። ኢቭ ሮሲ በ2008 ክንፉ ላይ አራት ትንንሽ ጄት ሞተሮች ገጥሞ ያንኑ ወሽመጥ ከፈረንሳይ ካሌ ወደ እንግሊዝ ዶቨር በ10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ገባ። የእሱ ክንፍ ሽቅብም ይወጣል፣ አሞራውን ያስንቃል። ሁለቱም ግን ያረፉት በፓራሹት ነው። ጋሪ ኮነሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ2012 ዊንግሱት ለብሶ ፓራሹት ሳይከፍት መሬት ደረሰ፤ 18,600 የካርቶን ሣጥን ተደርድሮለት እዚያ ላይ ገባ። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ግን ካርቶኑን አንሱትና ያን ጊዜ እናውራ።

ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ዊንግሱትን ከፓራሹት ስፖርት ጋር ነው የመደበው። ውድድሩ ላይ 1,000 ሜትር ቁመት ይሰጡሃል፤ በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየህ፣ ስንት ራቅህ፣ ምን ያህል ፈጠንክ ተብሎ በጂፒኤስ ይለካል። የተሰጠህን ቁመት እንዴት አጠፋኸው ነው ጥያቄው። ፓራግላይደርና ሃንግ ግላይደር በሌላ ኮሚሽን ሥር ናቸው። እኔም ብመድብ እንዲሁ ነበር የማደርገው፤ በተነሳበት ክንፍ ማረፍ የሚችል በረረ፣ ለማረፍ ሌላ ክንፍ የሚያስፈልገው ዘለለ። ሮሲ በዚህ መስፈርት ዘላይ መሆኑ ትንሽ ይከብደኛል፤ ሽቅብ የሚወጣ ዘላይ። ይሁንለት።

እኛ ጋ ማን መጥቶ ይሞክረዋል ለሚለው ግን ልዩነቱ በጣም ተግባራዊ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ማንኛውም ክንፍ እዚህ ሲነሳም ሲያርፍም ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መሄድ አለበት፤ ሩጫው ይረዝማል፣ ጉልበትም ይፈተናል። ዘላዮቹ ደግሞ የለመዱትን 4,000 ሜትር ከመሬት በላይ ልውጣ ካሉ 6,500 ሜትር ላይ ናቸው፣ ያለ ኦክስጅን የማይሞከር። ከኮምቦልቻ ቢነሱ እንኳ ወደ 5,900 ሜትር ይጠጋል። አውሮፕላን፣ ነዳጅ፣ ኦክስጅን፣ ፈቃድ። ፓራግላይደር ግን በጀርባ ከረጢት ይገባል፣ አውሮፕላኑም ገደሉ ነው፣ ገደል ደግሞ ከአምባሰል እስከ ላስታ ሞልቶናል። ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ ከጥቅምት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ረፋድ ላይ፣ አሞራዎቹ ሲነሱ አይቶ ይነሳ እለዋለሁ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የጦሳ ተራራ ራሱ ስለማይታይ ወሬውን ተዉት።