እጄስ?

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቢጫ ጀሪካን ባየሁ ቁጥር አሁንም ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጂም አሰልጣኝ ነኝ። መስከረም ላይ ሃምሳዎቹን የጀመሩ እናት መጡ። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ሲመዘኑ 79 ኪሎ ሆኑ። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት 128 ነበሩ። ስኳር ተገኝቶባቸው ሐኪማቸው ሲያስጠነቅቃቸው እህሉን ቀነሱ፣ ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ጀመሩ፣ 49 ኪሎ አወረዱ። አንድም አሰልጣኝ አላገዛቸውም። ይህን የምለው ክብሩ የእሳቸው ስለሆነ ነው። በኋላ እኛ ያመጣነው ለውጥ ተደርጎ ሲወራ ሰምቻለሁ።

ለምን እንደመጡ ገና ሲመዘገቡ ነግረውኛል። «እጄ ሰልሏል» አሉኝ። እኔ ቅጹ ላይ «ጥንካሬ» ብዬ ጻፍኩ። እጅ የምትለዋን ቃል አልጻፍኳትም።

መጀመሪያ ሌግ ፕሬስ ላይ፣ ተቀምጠው ክብደት በእግር የሚገፉበት ማሽን ላይ፣ አስቀመጥኳቸው። አዲስ ሰው 40 ኪሎ ላይ ሲያቃስት ለምጃለሁ። እሳቸው 80 ኪሎ እየገፉ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኝ ነበር። ቀጥሎ በየእጃቸው 3 ኪሎ ደምቤል ይዘው ወደ ላይ እንዲያነሱ አደረግኩ። ቀኙ ወጣ። ግራው ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ክርናቸው ይንቀጠቀጣል። ትንፋሻቸውን ይዘው መስታወቱ ውስጥ እጃቸውን ያያሉ። ደምቤሏን ከሥር ተቀበልኳቸው።

ምን ላይ መሥራት እንዳለብኝ ለማወቅ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እኔ ግን በ80ው ተደስቼ ዋልኩ።

ስለ ሰሌዳው ልንገራችሁ። ግድግዳችን ላይ ደንበኞች ያነሱት ትልቁ ኪሎ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። ሌግ ፕሬስ ሁልጊዜ ሰሌዳ ያሳምራል። ማሽኑ በ45 ዲግሪ የተጋደመ ስለሆነ 140 ኪሎ ሲጫንበት፣ ኪሎው የሚጫንበትን ጋሪ ራሱን ሳንቆጥር፣ እግር የሚገፋው 100 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን አሰልጣኝ ሁሉ ያውቃል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ግን 140 ነው። የእትዬም ቁጥር በየሁለት ሳምንቱ ከፍ እያለ ታኅሣሥ ላይ 140 ገባ። ፎቶ ተነሱ፣ የጂሙ ባለቤት አጨበጨበ።

በእነዚያ ወራት ስንት ጊዜ «እጄስ?» እንዳሉኝ አልቆጠርኩም። «ይደርሳል እትዬ፣ መሠረቱ ይቅደም» እላቸው ነበር። አብሮኝ የሚሠራው አሰልጣኝ አንድ ቀን ሲሰማቸው «ለእሳቸው እጅ ምን ይሠራላቸዋል? ተጋድመው ብረት በመግፋት ሊወዳደሩ ነው?» አለኝ። ሳቅኩ። ያ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይቆጨኛል።

ከፎቶው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ እያነከሱ መጡ። ነጠላ ጫማ አድርገዋል። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ከነጥፍሩ ጠቁሯል።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ውሃ» አሉኝ።

የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ውሃው በፈረቃ ነው፣ በፈረቃውም ቀን እላይ ድረስ አይደርስም። እሁድ ማታ ከታች ቀድተው 20 ሊትሩን ጀሪካን ይዘው ወጡ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጣታቸው ተፈታ። ጀሪካኑ እግራቸው ላይ አረፈ።

«ደረጃው ከበደዎት?» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ምን ዓይነት ጥያቄ ነው።

አዩኝ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እግር እኮ 128 ኪሎ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ነው። ምን ልታስተምረው ነው? እጄን አምጣልኝ ነው ያልኩህ።»

የምመልሰው አጣሁ። ከኋላቸው ሰሌዳው ላይ 140 የሚለው ይታየኝ ነበር። «ይቅርታ እትዬ» አልኩ። «ይቅርታውን ተወውና አስጀምረኝ» አሉ፣ እግራቸው በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ።

ያሉት ነገር ትክክል ነው። ብዙ ኪሎ የተሸከመ ሰው ከወንበር በተነሳ ቁጥር፣ ደረጃ በወጣ ቁጥር፣ እግሩ ክብደት ያነሳል። ለዓመታት፣ በየቀኑ፣ ያለ እረፍት። እጅ ግን ያን ሸክም አይካፈልም። ክብደቱ ሲወርድ ደግሞ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም። ከሚወርደው አምስተኛው ወይም ሩቡ ጡንቻና ሌላ ስብ ያልሆነ ነገር ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ዌይት ካልተሠራ። ድሮም ሥራ ያልነበረው እጅ ከዚያ ላይ ሲቀነስበት ምን ይተርፈዋል?

እናም ወደ እጅ ዞርኩ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ።

ከቁጭቴ የተነሳ እግርን ጨርሼ ዘጋሁት። ሌግ ፕሬስ የለ፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) የለ። ከላይ ወደ ደረት የሚሳብ ላት ማሽን፣ ወደ ሆድ የሚሳብ ኬብል፣ ደምቤል፣ ፑሽ አፕ ብቻ። ፑሽ አፑን ከግድግዳ ጀመርን። ወለል ላይ ሲሠራ ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል እጅ ላይ ያርፋል፣ ለእትዬ ከ50 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ወረድን። ላቱ ከ15 ወደ 30 ኪሎ ወጣ። ግራ እጃቸው 5 ኪሎ ይዞ ጆሯቸውን አልፎ ተዘረጋ። ያን ቀን መስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን ብታዩት!

መጋቢት ላይ፣ ዓቢይ ጾም ውስጥ፣ «ሰሞኑን ደረጃው ይከብደኛል» አሉኝ። «ጾሙ ነው» አልኳቸው ወዲያው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ አይበሉም። ዝም አሉ። ዝምታቸውን አሁን አውቀዋለሁ። የታኅሣሡ «እጄስ?» ድምፅ አልባ ሆኖ መምጣቱ ነው። ሌግ ፕሬሱ ላይ መልሼ አስቀመጥኳቸው። 100 ኪሎ ላይ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ያ ሰኞ የነገሩኝን ግማሹን ብቻ ነበር የሰማሁት። እግራቸው ጠንካራ የነበረው በ128 ኪሎው ምክንያት ነው። 49 ኪሎ ወረደ ማለት እግራቸው ሁለት ጀሪካን ተኩል ያህል አስቀመጠ ማለት ነው። በየቀኑ ያሠለጥነው የነበረው ሸክም የለም። በዚያ ላይ እኔ ሦስት ወር ዘጋሁበት። ጣታቸው ከተጎዳ በኋላ የጠዋት ጉዟቸውም ቀርቶ ነበር፣ እሱንም አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ አያስደንቅም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን እጅም እግርም። እጅ ቀድሞ ይሠራል፣ ሰውነት ሳይደክም። የእጁ ሥራ ከእግሩ በሁለት ዙር ይበልጣል። የእግሩ ስኳትና ሣጥን ላይ መውጣት ነው፣ ሌግ ፕሬስ አልፎ አልፎ። ሰዓታቸውን በጾም ወቅት ወደ አመሻሹ አዞርነው፣ ከበሉ በኋላ። ፕሮቲኑን አብረን ቆጠርን። ለእንደ እሳቸው ዓይነት ሰው በኪሎ 1.2 ግራም ቢደርስ ጥሩ ነው፣ ወደ 95 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ አለው። በጾም ከባድ ነው፣ ግን ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩን ጨመር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በመሃል እያሉ ተጠጉት። ስኳር ስላለባቸው ሐኪማቸውን ጠይቀው ነው ያደረጉት።

እጃቸው ከእግራቸው ጋር እኩል አልሆነም፣ አይሆንምም። የማንም አይሆንም። ሰው «ሚዛን» ሲለኝ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ነው።

ጀሪካን ወደ ጂም ያስገባነው ሚያዝያ ላይ ነው። ሐሳቡ የእሳቸው ነው። የጂሙ ባለቤት ደስ አላለውም፣ «ጂሙን ቦኖ አስመሰላችሁት» አለ። በ10 ሊትር ጀመርን፣ በአንድ እጅ፣ የአዳራሹን ርዝመት ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ እጅ መቀየር። ጣትን እንደዚያ የሚያጠነክር ማሽን የለንም። በየሳምንቱ አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር እጨምር ነበር። ሰኔ ላይ ቧንቧው ሥር ሆኜ 18 ላይ ስዘጋው ከኋላዬ ደረሱ።

«ምን ታጎድለዋለህ? ሙላው።»

ሞላሁት። ሄዱ፣ ተመለሱ። እጅ ቀየሩ፣ ሄዱ፣ ተመለሱ። ጉልበታቸውን አጥፈው ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ውሃውን ወደ መታጠቢያው ልደፋው ሳነሳ ያዙኝ።

«ውሃ ይደፋል እንዴ?»

የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ በእግራቸው ሳብ አድርገው አስጠጉ። ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ሳይጥሉ፣ ባልዲው እስኪሞላ አንቆረቆሩት።