ኒል ጋው ለሁለተኛ ሚስቱ ያወጣው የሐዘን ዜማ

አዳማ ላይ ቫዮሊን ለሚለማመዱ ሁሉ ይህን የስኮትላንድ ዜማ አጥብቄ እመክራለሁ። ደራሲው ኒል ጋው (1727–1807) በፐርዝሻየር፣ ደንኬልድ አጠገብ ባለችው ኢንቨር መንደር የኖረ የጭፈራ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ማርጋሬት ኡርኩሃርትን በ1768 አገባ፤ በ1805 ሞተችበት። ዜማው ለእሷ ነው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ዘመኑን በፈጣን የጭፈራ ዜማ ያሳለፈ ሰው እንዲህ ረጋ ያለ ነገር ትቶልን ማለፉ ይደንቀኛል።

ዜማው በዲ ሜጀር ቅኝት፣ በ6/8 ምት ነው። በየመስፈሪያው ስድስት ኖታ ቢቆጠርም ሰውነት የሚሰማው ሁለት ትልልቅ ምት ነው። ብዙዎች በሦስት በሦስት ይቆጥሩትና ቫልስ (የሦስት ምት ጭፈራ) ይሆንባቸዋል፤ ሐዘኑ እዚያ ላይ ይጠፋል። በአንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ያሉትን ሦስት ኖታዎች በአንድ የደጋን ጉዞ አያይዙ፤ ደጋኑ ቶሎ ካለቀ መጀመሪያው ላይ አባክናችኋል ማለት ነው።

በዲ እና በኤ ክር ሁለተኛዋ ጣት ከሦስተኛዋ ጋር ትጠጋለች። ሁለተኛው ክፍል ወደ ኢ ክር ሲወጣ ግን የጂ ኖታን ለማግኘት ሁለተኛዋ ጣት ወደ አንደኛዋ ትመለሳለች። ድምፁ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው።

ትዝታ የለመደ ጣት ኖታውን ማወዛወዝ ይፈልጋል። ረጅሞቹ ላይ ትንሽ ይበቃል፤ ሌላው ንጹሕ ይሁን።

በአዳማ ደረቅ ወራት የመቃኛ ቁልፎቹ እንጨት ስለሚኮማተር ክሩ ይላላል። ቁልፉን እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ ከመጫወት በፊትም እንደገና ቃኙ።