ቅጹ «በጣም ጥሩ» ይላል፣ ማስኩ ኪስ ውስጥ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ የሥልጠና ጉዳይ የኔ ነው። አምና የቀን ፈረቃውን ስለ ዱቄት ብናኝና ስለ ማስክ አጠቃቀም አሠለጠንን። መጨረሻ ላይ የአስተያየት ቅጽ በተንኩ፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረጉ። ደስ ብሎኝ ሪፖርት ጻፍኩ። በሳምንቱ ጆንያ የሚሞላበት ክፍል ብገባ የአንዱ ማስክ አገጩ ላይ፣ የሌላው ኪሱ ውስጥ ነው። ለካ ቅጹ የለካው የምሳውን ጥብስ ኖሯል!

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘን ብሎ ጽፏል፦ ወደዱት ወይ፣ ገባቸው ወይ፣ ሥራ ላይ አዋሉት ወይ፣ ውጤት አመጣ ወይ። እኔ መጀመሪያው ላይ ቆሜ ነው ሪፖርት የላክሁት።

እንግዲህ ልቁጠር አልኩ። ግን ከሥልጠናው በፊት ስንት ሰው ማስክ ያደርግ እንደነበር ስላልቆጠርኩ ከምን ጋር ላወዳድር? ደግነቱ የማታው ፈረቃ ገና አልሠለጠነም። የቀኑንና የማታውን ማወዳደርም አያዋጣም፣ የድሬ ፀሐይ ብቻዋን ልዩነት ትፈጥራለች። ስለዚህ የማታውን ከራሱ ጋር፣ ከሥልጠና በፊትና በኋላ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በሩ ላይ ስቆም ማስኩ ሁሉ ወደ ላይ! አንዷ ሳቀችብኝ፦ «አቦ፣ አንተ ስትመጣ እኮ በፉጨት ነው የምንነጋገረው።» ከዚያ ወዲህ ስም እንደማልይዝ፣ ቅጣትም እንደሌለ ነገርኳቸውና ሰዓቱን እየቀያየርኩ ዝም ብዬ ማለፍ ጀመርኩ። ቁጥሩን በልቤ ይዤ ውጭ ወጥቼ ነው የምጽፈው።

ከሥልጠናው በኋላ ቁጥሩ ጨመረ። በወሩ ግን ተመልሶ ወረደ። ትምህርቱን ረስተውት ይሆናል ብዬ ድጋሚ ሥልጠና በጀት ጠየቅሁ፤ ለነገሩ እኛ ሥልጠና ክፍሎች ለሁሉም በሽታ መድኃኒታችን ሥልጠና ነው። ቁጭ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ማስኩ ላብ ሲጠጣ መተንፈስ አይቻልም፣ መቀየር አለበት። ቅያሪው ስቶር ውስጥ ነው። የስቶሩን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ ሳቢያን ቤቱ ገብቷል።

አንድ ካርቶን ማስክ ጆንያ ክፍሉ በር ላይ አስቀመጥን። በቀጣዩ ሳምንት ስቆጥር ማስኩ አፍንጫ ላይ ነው። የበጀት ጥያቄዬን ከአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ራሴ ሄጄ አነሳሁት።