ንግሥቷን ያሰጠምኳት እኔ ነኝ

በመብራት አሙቄ የገደልኳት ንግሥት ጉንዳን ዛሬም ትከነክነኛለች። ሦስት ዓመት አለፋት። ያኔ አንድ ሰው «ተያት፣ አትንኪያት» ቢለኝ ኖሮ እስካሁን በሕይወት ትኖር ነበር። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። ጁላይ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ ጥሎ ባባራበት ሞቃት ከሰዓት ትራም እየጠበቅን ነበር። ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ከመንገዱ ስንጥቅ እንደ አሸን ፈሉ። «እማዬ፣ ይቺ ክንፏን ጥላዋለች!» አለችኝ። ክንፏን የምትጥለው ብዙውን ጊዜ ወንድ ያገኘች ንግሥት ናት። በዚያች ቀን የያዘችው ዘር ዕድሜ ልኳን ይበቃታል።

ቤት ውስጥ ልናሳድጋቸው አራት ንግሥቶች ያዝን። ዝርያቸው ላሲየስ ናይጀር ይባላል። አውሮፓ ውስጥ በየጓሮው የሚገኘው ጥቁር ጉንዳን ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ጫካ ውስጥ ትልልቅ ጉብታ የሚሠሩትን ቀያዮቹን ግን እንዳትነኩ፤ ጀርመን ውስጥ በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

መነሻው ቀላል ነው። ቴስት ቲዩብ (አንድ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን የላቦራቶሪ ቱቦ)፣ ሲሶው ውሃ፣ ውሃውን የሚገድብ ጥጥ፣ ንግሥቷ፣ አፉ ላይ ሌላ ጥጥ። እያንዳንዷን ለብቻዋ አስቀምጡ። ሁለት አብራችሁ ብታኖሩ መጀመሪያ ይተጋገዛሉ፣ ሠራተኞቹ ሲወለዱ ግን አንዷ ትገደላለች። ከዚያ ጨለማ። እኔ በልጄ ካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ምግብ አይሰጣቸውም። እንግዳ ቤት አስገብቶ ውሃ ብቻ መስጠት ለእኔ ከብዶኝ ነበር። ንግሥቷ ግን ከእንግዲህ የማትፈልገውን የክንፍ ጡንቻ እያቀለጠች ነው ልጆቿን የምታሳድገው።

አንዷ ኦገስት ላይ ሞተች። የአንዷ እንቁላል ሳይፈለፈል ቀረ። ሁለቱ ግን ከጤፍ ያነሱ ነጫጭ እንቁላሎች ጣሉ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ደቃቅ ደቃቅ ሠራተኞች ወጡ። የመርፌ ጫፍ የምታህል የማር ጠብታ ሰጠናቸው። ልጄ የአንደኛዋን ልጆች እየቆጠረች መሳቢያው ላይ በለጠፈችው ወረቀት ትጽፍ ነበር። 11 ደረሱ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ሱቅ የጉንዳን ጎጆ ገዛሁ። ክፍል ክፍል የተሠራ፣ መስታወት የተገጠመለት፣ 60 ዩሮ። መመሪያው «የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እንደወጡ ያዛውሯቸው» ይላል። አመንኩት። ጎጆ የሚሸጥ ሰው «ገና ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግዙ» ብሎ እንደማይጽፍ ያኔ አላሰብኩም።

ቴስት ቲዩቡን ከጎጆው ጋር በላስቲክ ቱቦ አገናኘሁት። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። አምስት ቀን። አንዲት ሠራተኛ ብቅ ትልና ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች። ንግሥቷ ንቅንቅ አላለችም። ውሃው ጋ ያለው ጥጥ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ሊታመሙብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ጥጡ ቢጫ መሆኑ ብቻውን እንደማይገድል ያወቅኩት በኋላ ነው። ለሱቁ በኢሜይል ጻፍኩ። መልሳቸው ሁለት መስመር ነበር፦ መሸፈኛውን ያንሱ፣ በመብራት ያሙቁት፣ ራሳቸው ይወጣሉ። ስለ ውሃው አንድ ቃል የለም።

ቅዳሜ ጠዋት የልጄን የጥናት መብራት ወደ ቲዩቡ አዞርኩትና ቡና ላፈላ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ቲዩቡ ውስጥ ደረቅ ቦታ አልነበረም።

ከውሃው ኋላ፣ ከቲዩቡ ግርጌ፣ የአየር አረፋ ነበር። ውሃው በጥጡ በኩል እየተጠጣ ሲቀንስ በቦታው አየር ይገባል። አየር ደግሞ ሲሞቅ ይለጠጣል። ሌላ መውጫ ስለሌለው ውሃውን በጥጡ አሳልፎ እነሱ ላይ ገፋው። ይህን ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። እኔም ተምሬዋለሁ።

ንግሥቷ በጀርባዋ ተንሳፋለች። እጮቹ ከጥጡ ጋር ተጣብቀዋል። ሁሉንም ሶፍት ላይ አወጣኋቸው። የሰጠመ ጉንዳን ሞቶ መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሊነቃ እንደሚችል አንብቤ ነበር። እውነትም ከሰዓት በኋላ አራት ሠራተኞች እግራቸውን አንቀሳቀሱ። ንግሥቷን እስከ ማታ ጠበቅናት። እስከ ሰኞ ጠበቅናት። ልጄ አላለቀሰችም። ወረቀቱ ላይ 11 የሚለውን ሰርዛ 4 ብላ ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈችበትም።

የዚህ ዝርያ ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ የኖረች አለች። የእኔዋ ሦስት ወር አልሞላትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። በሱቁ ዛሬም እናደዳለሁ። መብራቱን ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ።

ሁለተኛዋን ከድንጋጤዬ የተነሳ ለሁለት ሳምንት ከፍቼ አላየኋትም። መሳቢያውን ስከፍት 14 ሠራተኞች ነበሯት። ያን ቀን ጎጆውን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አሸግኩት።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። ክረምት ስል የዚህን አገር ብርድ ነው እንጂ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ማረፍ አለባቸው። ፍሪጅ ውስጥ፣ የአትክልቱ መሳቢያ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንጀቴ አልቻለም ነበር፤ እነሱ ግን ምንም አልሆኑም። ጥጡ እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቁ።

«በየሳምንቱ ተመልከቷቸው» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ሠራተኛ እስኪወጣ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ያውም ሳታንቀሳቅሱ። ለምግብ ከውጭ የያዛችሁትን ዝንብ የፈላ ውሃ ውስጥ ሳትነክሩ አትስጡ፤ ተባይ ይዞ ይመጣል። የነፍሳት መርዝ የሚረጭበት ቦታ የተገኘውን ደግሞ ጭራሽ አትስጡ፤ መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። 50 ሠራተኛ ሳይሞላ ጎጆ አትግዙ። ውሃ ስትሞሉ ጥጡን ውሃው እስኪነካው ግፉት፣ አየር አታስቀሩ። ቲዩቡን ከማሞቂያም ከፀሐይም አርቁት።

በቀጣዩ የዚህ አገር በጋ፣ 50 ካለፉ በኋላ፣ ጎጆውን አውጥቼ አገናኘሁት። ጎጆውን አጨለምኩ፣ የቲዩቡን ካልሲ አነሳሁ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። አንድ ጠዋት ልጄ ቀሰቀሰችኝ። እጮቹን፣ ንግሥታቸውን፣ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አዛውረዋል። ዛሬ ብዙ መቶ ናቸው። የጥናት መብራቱን ግን ልጄ እስካሁን እዚያ ክፍል አታስገባም።