ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት

ሌሊቱን ምጥ ከያዛት አንዲት ሴት ጋር አድሬ ቤቴ ስገባ ነግቶ ነበር፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። ዱላ (doula) ነኝ፤ ሥራዬ የምታምጥን ሴት ከጎኗ ሳልለይ መደገፍ ነው። ምጡ በጀርባዋ በኩል በሚጠናባት ጊዜ ሁሉ ከወገቧ በታች ያለውን አጥንት አጥብቄ ስጫን ስላደርሁ፣ የቀኝ መዳፌ ሥር አሁንም ይጠዘጥዘኛል። ልጇን ከታቀፈች በኋላ እጄን ይዛ «ያለ አንቺ አልችለውም ነበር» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ችላዋለች እኮ፤ የወለደችው እሷ ናት። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?

አንድ በአንድ ልቁጠረው ብዬ ተቀመጥሁ። የማህፀኗን በር መከፈት አልለካሁም፣ የጽንሱን የልብ ምት አላዳመጥሁም፣ መድኃኒት አልሰጠሁም። ይህ ሁሉ የአዋላጇና የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ እንዲሆንም እፈልጋለሁ፤ እኔ ወደዚያ እጄን ብሰድ ዓይኔ ከፊቷ ላይ መነሣቱ አይቀርም። ውኃ ጥቂት በጥቂት አጠጣኋት። በጀርባዋ ተንጋልላ ከመቆየት ይልቅ እንድትቆም፣ የባለቤቷን አንገት ይዛ እንድትወዛወዝ፣ ሲደክማት ደግሞ በጎኗ እንድታርፍ ረዳኋት። ሐኪሙ የተናገሩት አልገባት ሲል «እስቲ መልሰሽ ጠይቂያቸው» አልኋት እንጂ በእሷ ቦታ ሆኜ አልመለስሁም። ባለቤቷ ከእሷ ይልቅ ፈርቶ ስለነበር ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ ላክሁት፤ ሲመለስ እርጥቡን ፎጣ ሰጥቼ ቦታዬን ለቀቅሁለት። የቀረውን ጊዜ፣ ማለትም የሌሊቱን አብዛኛውን ክፍል፣ ያሳለፍሁት አጠገቧ በመቀመጥ ብቻ ነው።

መቀመጥ ሥራ ነው? የሕፃናት ሐኪሞቹ እነ ጆን ኬኔልና ማርሻል ክላውስ በአሜሪካዋ ሂውስተን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙትን ጥናት ያነበብሁ ሰሞንም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚወልዱ ጤናማ ሴቶች መካከል፣ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት 18 ከመቶ የሚሆኑት በቀዶ ጥገና ሲወልዱ፣ ዱላ ከጎናቸው ካልተለየቻቸው ግን በዚያ መንገድ የወለዱት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ከ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማም (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን ሥራ ነው) ያልተቋረጠ ድጋፍ ምጥን በመጠኑ እንደሚያሳጥርና በቀዶ ጥገና መውለድን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከአእምሮዬ የማትጠፋው ግን በሂውስተኑ ጥናት ውስጥ የነበረችው ሌላዋ ሴት ናት። ሥራዋ ትኩረት ሳትስብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ የሚሆነውን መመዝገብ ነበር፤ ከወላዷ ጋር አትነጋገርም። እሷ በተቀመጠችባቸው ክፍሎች በቀዶ ጥገና የወለዱት 13 ከመቶ ሆኑ። እጅ አልያዘችም፣ ወገብ አልደገፈችም፣ «አይዞሽ» አላለችም። ነበረች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ፍርሃት ሲበረታ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን ማህፀንን የሚያኮማትረውን የኦክሲቶሲንን ሥራ ሊያውክ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የሰው መኖር ፍርሃትን የሚያስታግስ ከሆነም ነገሩ ከዚያ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ሆኖም ይህን ማብራሪያ በደገምሁት ቁጥር የሚመጣብኝ የራሴ የመጀመሪያ ምጥ ነው። ብቻዬን ነበርሁ። አንዲት ሠራተኛ ብቅ ብላ «ገና ነሽ» ብላኝ በሩን ዘግታው ሄደች። ከዚያ ወለል የሚወለውሉ አንዲት እናት ገቡ፤ ምጡ ሲይዘኝ አይተው ሥራቸውን አቆሙ፤ መወልወያቸውን ተደግፈው እስኪያልፍልኝ ድረስ ጠበቁኝ። ምንም አላሉም። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ እንዲህ ቆመው ጠበቁኝ፤ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ወጡ። የወሊድ አስተማሪዋ ፔኒ ሲምኪን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ሥራ፣ ሴቶች ከ15 እስከ 20 ዓመት ካለፈ በኋላም የመጀመሪያ ምጣቸውንና የተነገራቸውን ቃል በግልጽ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። እኔም የተዘጋውን በርና የቆመውን መወልወያ እኩል አስታውሳለሁ። የሥራችን መጠሪያ በአማርኛ ሲጻፍ «ዱላ» ከሚለው የራሳችን ቃል ጋር አንድ ይሆናል፤ ስሙን ስጽፈው እኔ የሚታየኝ የሚመቱበት ሳይሆን የሚደገፉት ዱላ ነው፤ ከእሱም ጋር የእኚያ እናት መወልወያ አብሮ ይመጣል።

ቃሉ ግን ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ሴት አገልጋይ ማለት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ዳና ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ ትርጉም ያመጡት ስለ ጡት ማጥባት ሲጽፉ ነበር። ይህ ዛሬ ጠዋት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እኛ ኃይላችንን ሁሉ በምጡ ሌሊት ላይ አፍስሰን ለአራስነቱ የምናተርፈው ጥቂት ነው። ዛሬ ክፍሉ በሰው የተሞላ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቤቷ ትገባለች፤ ጡቷ ይወጠራል፣ ሕፃኑ አያያዙ እስኪስተካከል ጫፉ ይቆስል ይሆናል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ የሕፃኑን ፊት እያየ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል። ያ ልቅሶ በብዙዎች ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይበርዳል። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን የድኅረ ወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ አለባት።

የተዋዋልነውን ወረቀት አውጥቼ ተመለከትሁት፤ ለዓመታት ያለ ሐሳብ ስፈርመው የኖርሁት ወረቀት ነው። ከወሊድ በፊት ሦስት ጊዜ እንገናኛለን፣ ምጡ ከጀመረ እስኪያበቃ አልለያትም፣ ከወለደች በኋላ ሁለት ጊዜ ቤቷ እሄዳለሁ፤ የመጨረሻው ጉብኝት በ14ኛው ቀን ነው። ይኸውም የሚያልፈው ልቅሶ ከማያልፈው በሚለይበት ጊዜ እኔ ልጇን ስሜ፣ እሷን አቅፌ፣ በሩን ከውጭ እዘጋለሁ ማለት ነው። ምንም ሳታደርግ እዚያ በመቀመጧ ብቻ የምታስፈልግ ሴት ካለች፣ በ15ኛው ቀን ጥግ ላይ የምትቀመጠው ማን ናት?