አምስተኛው ማማ

ጎንደር ላይ ያለ ድንጋይ፣ ያለ ኖራና ያለ ግንበኛ ግንብ የጨመርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ለፍተዋል። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ቆርቁረው ግንባቸውን አሠሩ። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ የአባቴ ይበቃኛል አላሉም፣ የራሳቸውን ጨመሩ። ታላቁ ኢያሱም እንዲሁ። አፄ ዳዊት አዳራሽ፣ አፄ በካፋ የግብር ቤት፣ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የራሳቸውን ግንብ አስከተሉ። ፋሲል ግቢን በሚከበው በዚያ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ በውርስ ቤት ረክቶ የተቀመጠ ማግኘት ይቸግራል። እኔም ተራዬ ሲደርስ በራሱ በፋሲል ግንብ ላይ አንድ ማማ ጨመርኩ። ወጪውን የሸፈነው አጎቴ ነው።

አጎቴ ፒያሳ አጠገብ ያለውን ቁርስ ቤቱን አሳደሰና ለዋናው ግድግዳ "ጎንደርን ከዳር እስከ ዳር" ፈለገ። የባነር ህትመት ቤቱ ያሳየው ፎቶ አልጣመውም። "ይኼ እኮ ክረምት ላይ የተነሣ ነው፤ እኔ ቤቱን የምከፍተው በበጋ" አለ። ከዚያ በቤተሰቡ ውስጥ ካሜራ ያለው ማን እንደሆነ ትዝ አለው።

ካሜራ ከገዛሁ ወዲህ በዘመዶቼ ዘንድ ዕረፍት የሚባል ነገር የለኝም። ክርስትና ላይ እኔ፣ ቀለበት ላይ እኔ፣ ምርቃት ላይ እኔ። ተዝካር ላይ ሳይቀር ተጠርቻለሁ፤ "ሰው ሲበላ አንሣ፣ ሲያለቅስ አታንሣ" ተብዬ መመሪያ ተሰጥቶኝ። ክፍያው ሁልጊዜ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ነው። እግዚአብሔር መስጠቱን አልጠራጠርም፤ ግን ባትሪ የሚሸጠው ሰውዬ ይህን አይቀበልም። ፎቶው ከተላከላቸው በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ፊት በሁለት ጣት ለጥጦ ይመለከትና "አወፈርከኝ" ይላል። የተለጠጠው እኮ አንተው በለጠጥከው ነው! ይህን ለመናገር ዕድል አግኝቼ አላውቅም፣ እዚህ ልናገረው።

ብቻ፣ ሥራውን ያዝኩ። ቁርስ ቤቱ ያለበት ሕንጻ ባለቤት፣ ማለትም የአጎቴ አከራይ እትዬ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከበረንዳቸው ሆኖ ፋሲል ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። በበረንዳው የብረት አጥር ላይ በዘይት ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አላቸው። ቡናቸውን ያለ እሱ አይጠጡም፣ ማንንም አያስነኩም። "ከዚያ ወዲህ እንዳትጠጋ" ብለው በጣታቸው ድንበር አሰመሩልኝ። እኔም በድንበሩ ቆሜ፣ ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወገቤን እያዞርኩ ተራ በተራ አነሣሁ። ማታ ኮምፒውተሩ አገጣጠመው። በስልኬ ሳየው ከተማዋ እንዳለች ተዘርግታለች። በመዳፍ በሚያዝ ስክሪን ላይ ብዥ ያለ ነገር እንደማይታይ የነገረኝ አልነበረም። የህትመት ቤቱ ልጅማ ጭራሽ "ትልቅ ሲሆን የበለጠ ያምራል" ብሎኝ፣ ሦስት ሜትር ተደርጎ ታተመ።

በምርቃቱ ዕለት ቤቱ ሞልቷል። ባነሩ ግድግዳው ላይ ነው፤ ሰው እየጠቆመ የራሱን ሰፈር ይፈልጋል። እኔ ምስጋና ለመቀበል በሚያመች ቦታ፣ ከማፍያው አጠገብ ቆሜያለሁ። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንቡ አስጎብኚነት የኖሩት አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ባነሩ የተጠጉት። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዘራቸውን አነሡ።

"አንድ" አሉ፣ የመጀመሪያውን ማማ ነካ አድርገው። "ሁለት። ሦስት። አራት።"

ከዘራው እዚያ መቆም ነበረበት። አልቆመም።

"አምስት። ልጄ፣ ና እስኪ። ይኼ አምስተኛው የማን ነው?"

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ ሻይዋን እያማሰለች ነበር፣ እሷም ተወችው።

"ጋሼ፣ እሱ… የመገጣጠሚያ…"

"ይህ ግንብ ማዕዘኑ አራት፣ ክብ ማማው አራት ነው። ፖርቹጋሎች ሠሩት ብሎ የተከራከረኝ አለ። ህንዶች ናቸው ያለኝም አለ። አምስት ነው ብሎ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።"

አምስተኛውን ማማ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ እኔ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁና። ከወንድሙ ጎን ተጣብቆ የበቀለ ነው። በግድግዳው ውስጥ ሰማይ ይታያል። ጉልላቱ ክዳኑ ከተነሣ ድስት የሚወጣ እንፋሎት ይመስላል። ከሥሩ መሠረት የለውም፣ ከላዩ ጫፍ የለውም፣ ግን ቆሟል፤ አጎቴ በከፈለበት ሦስት ሜትር ባነር ላይ፣ ልክ በመሃል። ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእትዬ ጤና አዳም አለ። እሱ ብዥታ የሚባል ነገር አያውቅም። ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጣሳው ላይ ያለው የዘንባባ ሥዕል፣ ከሥዕሉ በታች የዛገው ጠርዝ፣ ከጠርዙ የተንጠባጠበው ውኃ ሳይቀር ከበር ሆኖ ይታያል። የነገሥታቱ ከተማ ጉም ለብሳ፣ የዘይት ጣሳው ነግሦ ወጣ።

የኢያሱን ግንብ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቦምብ ተጨምሮበታል። ጎንደር ግንብ ሲጎድልባት አይታ ታውቃለች። ሲበዛባት ምን እንደሚደረግ ግን ልምዱ የላትም። ዩኔስኮም ግቢውን በ1979 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ የእኔን አልቆጠረም።

ይሁን፣ እስከዚህ ድረስ እችለው ነበር። ነገሩን ያበላሸው ከኋላ የተቀመጠ ሰው "ስመ መንግሥቱስ ማን ይባል?" ብሎ መጠየቁ ነው። አዛውንቱ ታሪክ አዋቂ ናቸው። ጊዜ አልፈጀባቸውም። "ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ ኢያሱ አድያም ሰገድ" ብለው ደረደሩና ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩት፤ "ይኼ ደግሞ ብዥታ ሰገድ ነው።"

ሳቁ ከመንገድ ማዶ ተሰምቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ሳቆም "ጃንሆይ ብዥታ ሰገድ፣ ወዴት ልውሰድዎት?" ይሉኛል። ሒሳብ ግን ለንጉሥ አይቀንሱም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ፋሲል መዋኛ ዙሪያ እንግዶችን ሲያነሣ ለሚውል ጓደኛዬ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር። "ብዥታው የት ነው? ሁሉም ቦታ ከሆነ እጅህ ነው፣ መዝጊያውን አፍጥነው። የየፎቶው ዳር ዳሩ ብቻ ከሆነ ሌንስህ ነው፣ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አጥብበው። አንዱ ጠርቶ ቀጣዩ ከደበዘዘ ፎከሱ በየመሃሉ እየሸሸብህ ነው።"

"ለየብቻ ሳያቸው ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው። ሲገጣጠሙ ነው ግንቡ የሚባዛው።"

"ከፊት ለፊት ቅርብ ነገር አለ?"

"አንድ ጤና አዳም።"

"በቃ ፓራላክስ ነው" አለና ተኛ። ማለትም ስልኩን ዘጋ።

በነጋታው ማብራሪያውን ላከልኝ። ወገቤን ሳዞር ካሜራው ባለበት አይዞርም፤ በዙሪያዬ ቅስት እየሠራ ቦታ ይቀይራል። ቦታ ሲቀይር ቅርቡ ነገር በሩቁ ላይ ይንሸራተታል። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሁጊን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለት ፎቶ ሲያጋጥም በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ነጥቦችን ይፈልጋል። ከፍቼ ሳየው የሚበዙት ነጥቦች የሰፈሩት የት እንደሆነ ልንገራችሁ? ጣሳው ላይ። የዘንባባው ሥዕል ላይ። የአጥሩ ብረት ላይ። ይህ ፕሮግራም የፋሲልን ግንብና የዘይት ጣሳን አንድ ላይ አይቶ ጣሳውን መረጠ! ጣሳውን በጣሳው ላይ ልክ አድርጎ ሰፋ፤ ግንቡ ሁለት ቦታ ላይ ሲቀርበት ደግሞ ሁለቱን ግማሽ በግማሽ አዋሕዶ አምስተኛውን ማማ አወጣ። ነጥቦቹን ከጣሳው አጥፍቼ ግንቡ ላይ ብቻ ሳስቀምጥ ግንቡ ወዲያው ጠራ፣ ጣሳው ሁለት ሆነ፣ አጥሩም ተሰበረ። ከተመሳሳይ ሥፍራ ያልተነሡ ፎቶዎች ላይ ቅርቡንና ሩቁን እኩል ማስታረቅ አይቻልም። በአንደኛው ፎቶ ላይ ጣሳውን ሸፍኖ ከሌላኛው ብቻ እንዲወሰድ ማድረግ ይቻላል፤ ሞከርኩት፤ ይሠራል፤ አጥሩ ግን እስከ መጨረሻው አላማረም።

ጓደኛዬ ነገሩን በዓይኔ እንዳየው አንድ ሙከራ አዘዘልኝ። "አውራ ጣትህን ወደ ግንቡ ዘርጋ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍን፣ ከዚያ ሌላውን። ጣትህ በግንቡ ላይ ሲዘል ታያለህ።" እውነቱን ነው፣ ይዘላል። ያልነገረኝ ግን ከበረንዳው ትይዩ ሌላ በረንዳ መኖሩን ነው። እዚያ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት አንድ ጎረምሳ አውራ ጣቱን ቀስሮ በቀኝም በግራም ሲጠቅሳት አየች። እርጥቡን ልብስ እንዳለ ሰብስባ ገባች። ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ቁርስ ቤቱ መጥቶ ሻይ አዘዘ፣ ሳይጠጣው ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ ሒሳቡን ወርውሮ ሄደ።

እትዬም ከጓዳቸው ሆነው አይተውኛል። "ይህ ልጅ ዓይኑን ታሟል፣ ጠበል ቢወስዱት" ብለው ለአጎቴ ተናገሩ።

"ፓራላክስ ነው እኮ እትዬ!" አልኩ።

"ስሙንም አውቆታል!" አሉ አማትበው። "እንግዲያውማ ቶሎ ነው መሄድ።"

ባነሩን እንደገና ለማሠራት ተነሣሁ። ባለሦስት እግር ተዋስኩ። እትዬ ቅዳሴ እንደሄዱ ጣሳውን አቅፌ ወደ ውስጥ አስገባሁና አጥሩ ከምስሉ እንዲወጣ ካሜራውን ወደ ጠርዙ አስጠጋሁት። ካሜራውን በቁመቱ አቁሜ፣ መዞሪያውን ከወገቤ ወደ ሌንሱ ሥር አዛውሬ፣ ፎከሱን ግንቡ ላይ አድርጌ ቆለፍኩት፤ ብርሃኑንም እንዲሁ፣ አለዚያ አንዱ ፎቶ ንጋት ሌላው ምሽት ይሆናል። እያንዳንዱ ፎቶ የቀጣዩን ሲሶ ያህል እንዲጋራ ተጠነቀቅኩ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግል መሆን አለበት፤ እኩለ ቀን ላይ ከጣሪያዎቹ የሚነሣው ትኩስ አየር ሩቁን ሁሉ ያርገበግበዋል፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያስተካክልም። አንድ ባጃጅ ብቻ በመጋጠሚያው ላይ ለሁለት ተቆርጦ የፊት ጎማው ፒያሳ፣ የኋላው ሌላ ሰፈር ቀረ። እሱንም ሸፍኜ አወጣሁት። ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ጥግ በሙሉ መጠኑ ዞሬ አየሁ።

አራት ማማ። ድንጋዩ ይቆጠራል።

ጠቅልዬ ለአጎቴ ወሰድኩለት። ዘርግቶ አየው። ቆጠረ።

"አምስተኛውስ?"

"እሱ እኮ ስህተት ነበር።"

"አንተ ደግሞ!" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው የሚመጣው እኮ እሱን ሊያይ ነው። ተማሪዎቹ ይወራረዱበታል፤ ያጣው ሻይ ይጋብዛል። ጋሼም ትናንት እንግዶች ይዘው መጥተው በከዘራ አስቆጥረዋቸው ሄዱ፤ አምስት ሰው፣ አምስት ፍርፍር።"

አዲሱ ባነር ተጠቅልሎ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቆሟል። ያየው ሰው ቢኖር እትዬ ብቻ ናቸው፤ የኪራይ ውል የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰ አጎቴ ደስ ይበላቸው ብሎ ዘረጋላቸው። ከግራ ወደ ቀኝ አዩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጤና አዳሜስ?"

ማንም አልመለሰ። አጎቴ እኔን አየኝ።

"ከአሮጌው ላይ ቆርጠህ እዚህ ለጥፍልኝ" አሉ። "መለጠፍ እንደሆነ ሥራህ ነው።"